ጋሻው የልጄን መርከብ ይሸፍናል ወይ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ ከጅማ

በዚህ ወር ሦስት ጥያቄዎች ደርሰውኛል። ሁለቱ በደብዳቤ መጡ፤ ሦስተኛው ሱቄ ድረስ መጥተው የጠየቁኝ ነው። ሳይመካከሩ ሦስቱም የጠየቁት ስለ አንድ መሣሪያ ነው፦ ከጦር መርከብ ተወንጭፎ፣ የሚመጣን ሚሳኤል ሰማይ ላይ ስለሚመታው ሚሳኤል፣ አገሮችም ተባብረው እንዴት እንደሚሠሩትና እንደሚሞክሩት። ለዚህ ዓምድ አዲስ ለሆናችሁ፦ በወጣትነቴ፣ ከ1974 እስከ 1982 ዓ.ም.፣ ቀይ ባሕር ላይ የራዳር ሠራተኛ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ እዚሁ ጅማ መርካቶ ሬዲዮና ቴሌቪዥን እጠግናለሁ። ጉዳዩ የውጭ አገር ስለሆነ ከዚህ በታች ዘመኑን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ከጅሬን

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። የበኩር ልጄ የመርከብ ምሕንድስና ተምሮ በውጭ አገር የንግድ መርከብ ሞተር ክፍል ይሠራል። በስልክ ሳገኘው ‹ሰላም ነው እማዬ› ከማለት ሌላ ነገር አይወጣውም። ባለፈው በቴሌቪዥን አሜሪካና ጃፓን አብረው የሠሩት ሚሳኤል ከመርከብ ተነሥቶ ሌላውን ሚሳኤል ሲመታ አየሁ። ልጄን የሚጠብቀው ይህ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ጎረቤቴ ግን ‹እሱ ለራሳቸው ነው› አለችኝ። ደብቀው ሳያባብሉኝ እውነቱን ይንገሩኝ።»

እህቴ፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ጎረቤትዎ የነገሩዎት ግማሹ እውነት ነው። የቀረውን ግማሽ እኔ ልጨምር።

ያዩት ሚሳኤል ስታንዳርድ ሚሳኤል 3 ይባላል፤ በአጭሩ ኤስ ኤም 3። የተሠራው ከአንድ አገር ተነሥቶ፣ ከአየሩ በላይ ወጥቶ፣ ሌላ አገር ላይ ለሚወርድ ባለስቲክ ሚሳኤል ነው። የሚመታውም እዚያው ላይ፣ አየር በሌለበት ቦታ ነው። ቀይ ባሕር ላይ የየመን ሁቲ ታጣቂዎች በንግድ መርከቦች ላይ የሚተኩሱት ግን ከባሕሩ ዳር ተነሥቶ አጭር መንገድ ሄዶ የሚወርድ ነው። ያን የሚመቱት ሌሎች ናቸው፤ የአሜሪካኖቹ ኤስ ኤም 2 እና ኤስ ኤም 6፣ የአውሮፓውያኑ ደግሞ አስተር።

አስተርም ቢሆን የአንድ አገር ልጅ አይደለም። ፈረንሳይና ጣልያን አብረው የወለዱት ነው። እንግሊዞች ይህንኑ ሚሳኤል ወስደው ከራሳቸው ራዳር ጋር አጋብተው ሲ ቫይፐር የሚል ስም ሰጡት። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 አልዛስ የተባለችው የፈረንሳይ ፍሪጌት በዚህ ሚሳኤል ሦስት ባለስቲክ ሚሳኤሎችን ቀይ ባሕር አካባቢ መታ ጣለች። በሚቀጥለው ወር ዳይመንድ የምትባለው የእንግሊዝ መርከብ እንዲሁ አንድ መታች። ስለዚህ ለእርስዎ ልጅ የሚቀርበው ጋሻ ጃፓንና አሜሪካ የሠሩት ሳይሆን፣ ፈረንሳይና ጣልያን የሠሩት ሊሆን ይችላል። በየካቲት 2024 የአውሮፓ ኅብረት የንግድ መርከቦችን የሚያጅብ የባሕር ዘመቻ ሲጀምር ስሙን አስፒደስ አለው፤ በግሪክኛ ጋሻዎች ማለት ነው።

ጋሻ ግን የሚሸፍነው አጠገቡ ያለውን ነው። የጦር መርከቦቹ ጥቂት ናቸው፤ የንግድ መርከቦቹ ብዙ። በመጋቢት 6 ቀን 2024 ኤደን ባሕረ ሰላጤ ላይ ትሩ ኮንፊደንስ የምትባል የጭነት መርከብ በባለስቲክ ሚሳኤል ተመታች፤ ሁለት የፊሊፒንስና አንድ የቬትናም ባሕርተኞች ሞቱ። በሁቲዎቹ ጥቃት በንግድ መርከብ ላይ የሞቱ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች እነሱ ናቸው። የየአንዳንዳቸው እናት እንደ እርስዎ ስልክ ትጠብቅ ነበር። ሳልደብቅ እንድነግርዎ ስለጠየቁኝ ነው ይህን የጻፍኩት።

ከዚያች መርከብ የተረፉትን ለማውጣት ቀድማ የደረሰችው የሕንድ የጦር መርከብ ኮልካታ ናት። በሄሊኮፕተርና በጀልባ 21 ሰዎች አነሣች፣ ቁስለኞቹንም አከመች። ይህችው ኮልካታ በታኅሣሥ 2015 ሕንድና እስራኤል በጋራ የሠሩት ባራክ 8 የተባለ የመርከብ መከላከያ ሚሳኤል የተሞከረባት መርከብ ናት። ሚሳኤሉ ትሩ ኮንፊደንስን አላዳናትም፤ ቦታው ላይ አልነበረም። መርከቧ ግን ሰዎቹን አዳነች። ይህን ዜና ባነበብኩ ቀን የጥገና ጠረጴዛዬ ላይ የተከፈተ ቴሌቪዥን ትቼ እስከ አዌቱ ድልድይ ወርጄ ቆየሁ። እኔም በዚያ ባሕር ላይ ውኃ ውስጥ ያለ ሰው መፈለግ ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

አሁን ማድረግ የሚችሉትን ልንገርዎ። ልጅዎን በሚቀጥለው ጊዜ ሲደውል «ሰላም ነህ?» ብለው አይጠይቁት። ለዚህ ሁሉም ልጅ አንድ መልስ ነው ያለው። ይልቅስ ሦስት ነገር ይጠይቁት። መጀመሪያ፣ መርከቡ ወደ አውሮፓ የሚወጣው በባብ ኤል መንደብ ነው ወይስ አፍሪካን በደቡብ ዞሮ? ባብ ኤል መንደብ በዐረብኛ የእንባ በር ማለት ነው፤ ጠባቡ ቦታ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከ2023 መጨረሻ ወዲህ ብዙ ኩባንያዎች በዚያ ማለፉን ትተው በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ይዞራሉ። መንገዱ በአሥር ቀንና ከዚያም በላይ ይረዝማል፣ ግን ሚሳኤል የለበትም። ሁለተኛ፣ የሥራ ውሉ በዓለም አቀፉ የትራንስፖርት ሠራተኞች ፌዴሬሽን ስምምነት ሥር ነው ወይ? ከሆነ፣ መርከቡ ጦርነት ያለበት ተብሎ ወደ ተከለለ ባሕር ሲገባ አልሄድም የማለት መብት አለው፤ ከሄደ ደግሞ ተጨማሪ ክፍያ ይገባዋል። ሦስተኛ፣ ይህን የሚለውን የውሉን ገጽ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ይላክልዎ። ልጆች እናት እንዳትጨነቅ ብለው ውላቸውን ሳያነቡ ይፈርማሉ። እርስዎ ሲጠይቁት ያነበዋል።

ውሉ ከመጣና ቋንቋው ካስቸገረዎ ይዘውት ይምጡ፤ አብረን እናነበዋለን።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ከ12ኛ ክፍል ተማሪ

«የፊዚክስ መምህራችን ጥይትን በጥይት እንደ መምታት ነው ብለውናል። ውስጡ ፈንጂ እንደሌለ ሳነብ ግን ግራ ገባኝ፤ ያለ ፈንጂ እንዴት ያፈርሳል? ደግሞስ አሜሪካ ያን ያህል ሀብታም ከሆነች ለምን ከጃፓን ጋር ትሠራለች? ሙከራውስ የምር ነው ወይስ እንደሚመታ የታወቀውን ነው የሚተኩሱት?»

ልጄ፣ ካልኩሌተርሽን አውጪ። አንድ ኪሎ የምትመዝን ድንጋይ በሰከንድ 3 ኪሎ ሜትር ብትበር ጉልበቷ ስንት ነው? የክብደቱ ግማሽ በፍጥነቱ ካሬ ሲባዛ፣ 4.5 ሚሊዮን ጁል። አንድ ኪሎ ቲኤንቲ የተባለው ፈንጂ ሲፈነዳ የሚለቀው 4.2 ሚሊዮን ጁል ገደማ ነው። እንግዲህ በሰከንድ 3 ኪሎ ሜትር የሚበር ማንኛውም ነገር፣ ድንጋይም ይሁን አንድ ኪሎ ቡና፣ ሲጋጭ የክብደቱን ያህል ፈንጂ ነው። በሰከንድ 10 ኪሎ ሜትር ከሆነ ደግሞ 12 ኪሎ ፈንጂ ይሆናል። ለዚህ ነው የኤስ ኤም 3 ጫፍ ፈንጂ የማይዘው። በዚያ ፍጥነት ፈንጂ ትርፍ ሸክም ነው፤ የሚያስፈልገው መግጠም ብቻ ነው።

አሥር ኪሎ ሜትር ያልኩሽ ከሜዳ የመጣ ቁጥር አይደለም። በየካቲት 2008 ሌክ ኢሪ የተባለች የአሜሪካ መርከብ ከቁጥጥር የወጣችን የራሷን አገር ሳተላይት በኤስ ኤም 3 መታ ሰባበረቻት። ከፍታው 247 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ሁለቱ ሲገናኙ የተቀራረቡበት ፍጥነት በሰከንድ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከጅማ አዲስ አበባ በአየር ቀጥታ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውቶቡሱ ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ ከሰዓት የሚደርስበትን መንገድ በዚያ ፍጥነት 26 ሰከንድ ነው የሚፈጀው። አሁን በዚያ ፍጥነት ላይ ሆነሽ የአንድ ሰው ቁመት እንኳ ሳትስቺ ግጠሚ ተብለሻል። ዓይኑ ሙቀት የሚያይ ዓይን ነው፤ ከአየር በላይ ያለው ጠፈር ቀዝቃዛና ጨለማ ስለሆነ ሚሳኤሉ እንደ ፍም ይታየዋል። በጎኖቹ ትንንሽ ሮኬቶች አሉት፤ በነሱ እየተገፋ ራሱን ወደ ፍሙ ያስተካክላል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ቆየት እላለሁ።

በነሐሴ 31 ቀን 1998 ሰሜን ኮሪያ ቴፖዶንግ የተባለ ሮኬት ወደ ምሥራቅ ተኮሰች። ሮኬቱ በጃፓን ላይ አልፎ ፓስፊክ ውስጥ ወደቀ። ጃፓኖች ከዚያ በፊት ነገሩን በሩቁ ይከራከሩበት ነበር፤ በራሳቸው ጣራ ላይ ካለፈ በኋላ ግን በማግሥቱ ዓመት፣ በ1999፣ ከአሜሪካ ጋር የጋራ ምርምር ፈረሙ። የጋራ ሥራው ራሱ የተጀመረው በ2006 ነው። በመካከል ያለው ጊዜ የምህንድስና ብቻ እንዳይመስልሽ። ጃፓን ከ1967 ጀምሮ የጦር መሣሪያ ወደ ውጭ ላለመላክ ራሷን ያሰረችበት መርሕ ነበራት። በጋራ የተሠራ ዕቃ አሜሪካ ሲደርስ ያ መርሕ ይጣሳል። ስለዚህ በታኅሣሥ 2004 ከአሜሪካ ጋር ለሚሠራው የሚሳኤል መከላከያ ብቻ በሩን ለይተው ከፈቱ። እኔ ይህን ዝግታ አከብረዋለሁ። ጦርነት ያየ ሕዝብ መሣሪያ ሲሠራ እንዲህ ደጋግሞ ማሰብ አለበት።

ከዚያ ሥራው ተከፈለ። አዲሱ ሚሳኤል ኤስ ኤም 3 ብሎክ 2ኤ ይባላል። የቀድሞው ከታችኛው ገፊ ሮኬት በላይ ቀጭን ነበር፤ ውፍረቱ 34 ሴንቲ ሜትር ያህል። አዲሱ ከታች እስከ ላይ 53 ሴንቲ ሜትር ነው። የሚገርመው፣ የሚወነጨፍበት የመርከቡ ሳጥን አልተቀየረም። ቀድሞ በዙሪያው ባዶ የነበረውን ቦታ ነው በነዳጅ የሞሉት። ነዳጅ ሲጨምር ፍጥነት ይጨምራል፤ ፍጥነት ሲጨምር አንዲት መርከብ የምትጠብቀው አገር ይሰፋል። ከታችኛው ገፊ ቀጥለው ተራ በተራ የሚነዱትን የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ደረጃ ሮኬት የመሥራቱ ድርሻ የጃፓን ሆነ። የሙቀት ዓይን ያለው፣ የሚገጥመው ጫፍ ደግሞ የአሜሪካ።

ጃፓኖች የሠሩት አፍንጫ ደስ ይለኛል። ሚሳኤሉ አየሩን ሲሰነጥቅ ዓይኑን የሚሸፍን ቆብ ያስፈልገዋል፤ ከአየር ሲወጣ ቆቡ መውለቅ አለበት። በድሮው ሚሳኤል ቆቡን ለመጣል ሚሳኤሉ ከመንገዱ ዘወር ማለት ነበረበት። እያንዳንዷ ሰከንድ በምትቆጠርበት ቦታ አንገትን ዘወር ማድረግ ምን ማለት እንደሆነ አስቢው። የጃፓኑ ቆብ ለሁለት ተከፍሎ ግራና ቀኝ ይወድቃል። የደረቀ ጀንፈል ቡና በሁለት ጣት ስትጫኚው ገለባው ለሁለት ተከፍሎ ፍሬው እንደሚወጣ ማለት ነው። ይህን ቆብ በመጋቢት 2006 ሃዋይ አጠገብ አብረው ሞከሩት። እንግዲህ ሀብታሙ ያልነበረው ገንዘብ አይደለም፤ ይህችን ቆብ አስቦ የሚሠራ እጅ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄሽ፣ ሙከራው የምር ነው ወይ?

የምር ነው፤ ማስረጃው ደግሞ መሳሳቱ ነው። በታኅሣሥ 17 ቀን 2007 ኮንጎ የተባለችው የጃፓን መርከብ ከሃዋይ ደሴቶች አንዷ ከሆነችው ካዋይ የተተኮሰውን ዒላማ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ መታች። ከአሜሪካ ውጭ ይህን ያደረገች የመጀመሪያዋ መርከብ ናት። በዓመቱ፣ በኅዳር 2008፣ እህቷ ቾካይ ተኮሰች፤ በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ጫፉ ዒላማውን አጣውና ሳተ። ተመርምሮ በ2009 ሦስተኛዋ፣ ምዮኮ፣ መታች።

የብሎክ 2ኤን ታሪክ ደግሞ ተመልከቺ። በየካቲት 2017 መታ። በሰኔ 2017 ሳተ። በጥር 2018 በካዋይ ካለው የየብስ መሞከሪያ ተተኩሶ እንደገና ሳተ። በጥቅምት 2018 መታ። በኅዳር 2020 ጆን ፊን የተባለችው መርከብ ፓስፊክ ውስጥ ካሉት ከኳጃላይን ደሴቶች የተተኮሰውን፣ አህጉር የሚሻገር ሚሳኤል የሚመስለውን ዒላማ ከሃዋይ ሰሜን ምሥራቅ መታች፤ መጀመሪያ ሲታቀድ ያልታሰበለትን።

ስለ ሰኔ 2017ቱ ላጫውትሽ። ሚሳኤሉ ምንም አልጎደለውም ነበር። መርከቧ ላይ መረጃ በሚለዋወጡበት መሣሪያ ፊት የተቀመጠ አንድ ባሕርተኛ የሚመጣውን ዒላማ በስህተት ወዳጅ ብሎ መዘገበው። ወዳጅ የተባለን ነገር መሣሪያው አይመታም፤ ሚሳኤሉ አየር ላይ ራሱን አጠፋ። ብዙ ዓመት የተደከመበት ነገር በአንድ የጣት ንክኪ ተቃጠለ።

ይህን ሳነብ እጄ ቀዘቀዘ። አንድ ሌሊት ከዳህላክ ደሴቶች በስተ ምሥራቅ ስንቃኝ ስክሪኔ ላይ ሁለት ነጥቦች ነበሩ። አንዷ ስንቅ የምትጭን የራሳችን ጀልባ ናት፤ ሌላዋን አናውቃትም። ነጥቦቹ ተቀራርበው ተሻገሩ። እኔ በሰም እርሳስ ሰሌዳው ላይ የወዳጅን ምልክት ሳደርግ ባልታወቀችው ላይ አደረግሁት፤ የራሳችንን ሰዎች ያልታወቁ አደረግኋቸው። አራት ደቂቃ ያህል እንደዚያ ቆየ። አለቃዬ ከኋላዬ መጥቶ፣ የሬዲዮ ጥሪያቸው ከሚመጣበት አቅጣጫ ጋር አስተያይቶ፣ «ልጅ፣ ቀይረው» አለኝ። ማንም አልተጎዳም። ጨርቅ አንሥቼ የተሳሳተውን ምልክት ላጠፋ ስል እጄን ያዘኝ። «መጀመሪያ መዝገብ ላይ ጻፈው። ከዚያ ታጠፋዋለህ።» ሰዓቱን፣ ስሜንና ስህተቴን በራሴ እጅ ጻፍኩ። በማግሥቱ አብሮን የሚቃኘው የሁለተኛው ጀልባ የራዳር ልጆች መጥተው መዝገቡን አነበቡት። እፍረቱ እስከ ዛሬ አለ። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በሁለቱም ጀልባ ላይ፣ ሁለት ነጥብ በተሻገረ ቁጥር ሁለት ሰው እንዲያየው ተደረገ።

ልጄ፣ አብሮ መሥራት ስትይ እኔ የማየው ያንን መዝገብ ነው። ገንዘብ ማዋጣትማ ለማንም አይከብድም። የሚከብደው የሳትሽበትን ቀን ወዳጅሽ ቁጭ ብሎ እንዲያነበው መፍቀድ ነው። ጃፓን በዚያ ሚሳኤል ውስጥ ገንዘቧና የመሐንዲሶቿ ዕድሜ ነበረበት፤ የሮኬቶቹና የቆቡ ድርሻ የሷ ነው። ሲስት «የማን ዕቃ ነው ያበላሸው?» የሚለው ጥያቄ ሁለት አገር ሊያጣላ ይችል ነበር። ጥፋቱ የዕቃው ሳይሆን የሰው እጅ መሆኑ ተመርምሮ ተነገረ፣ ሥራውም ቀጠለ። በጥር 2018 ሲስት ደግሞ እንደገና ተመረመረ። እኔ ከተመቱት ይልቅ እነዚህን ሁለት የሳቱ ቀኖች አምናቸዋለሁ።

አውሮፓ ውስጥም ተመሳሳይ ነገር አለ። በጥቅምት 2015 ስኮትላንድ ሄብሪዲስ ደሴቶች አጠገብ ብዙ አገሮች መርከቦቻቸውን ይዘው ተሰባሰቡ፤ ሮስ የተባለችው የአሜሪካ መርከብ በኤስ ኤም 3 ዒላማ መታች። በአውሮፓ ባሕር ላይ የመጀመሪያው ነው። በ2021 እዚያው ሲሰባሰቡ የበለጠ ከባድ ነገር ሞከሩ። ዴ ዜቨን ፕሮቪንሲየን የምትባለው የሆላንድ ፍሪጌት በረጅም ርቀት ራዳሯ ዒላማውን አየችና መረጃውን ፖል ኢግናሺየስ ለምትባለው የአሜሪካ መርከብ ላከች፤ አሜሪካዊቷ በዚያ መረጃ ተነሥታ ተኮሰች። ዓይኑ የአንዱ፣ ክንዱ የሌላው። እኔ ራዳር ላይ የተቀመጥኩ ሰው ስለሆንኩ ነው መሰለኝ፣ ይህ ከሁሉ ይበልጥብኛል። ሌላ ሰው ያየውን አምኖ መተኮስ ቀላል አይደለም።

የፊዚክስ ነገር ከወደድሽ የሚመጣውን ተከታተዪ። አሁን ያለው ሥጋት እንደ ድሮው ከአየር በላይ ወጥቶ በታወቀ መስመር የሚወርድ ብቻ አይደለም፤ በአየሩ ጫፍ ላይ እየተንሸራተተ መንገዱን የሚቀያይርም አለ። ኤስ ኤም 3 ለዚያ አልተሠራም። በነሐሴ 2023 አሜሪካና ጃፓን ያን የሚመታ አዲስ ሚሳኤል በጋራ ለመሥራት እንደተስማሙ አስታወቁ፤ በግንቦት 2024 ፈረሙ። ሮኬቱን ከሚሠሩት ውስጥ ጃፓኖች አሁንም አሉበት። አንቺ ዩኒቨርሲቲ ጨርሰሽ ሥራ ስትይዢ ገና ሙከራ ላይ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ ሱቄ ውስጥ

ሂርማታ በርጩማ የሚጠርቡ ወዳጄ ናቸው፤ የሬዲዮናቸውን አንቴና ላስተካክል ሲያመጡ የሴትየዋን ደብዳቤ አነበብኩላቸው። አድምጠው ሲያበቁ፣ «ሰማይ ላይ ለሚመታ ነገር መርከብ ምን ያደርግለታል? መሬት ላይ ቢተክሉት አይጸናም?» አሉኝ። ሦስት እግር ያለው ነገር ስለሚሠሩ መጽናት ይገባቸዋል።

ወዳጄ፣ መሬት ላይም ተክለዋል። ሩማንያ ውስጥ ዴቬሴሉ በሚባል ቦታ ከ2016 ጀምሮ አለ፤ ፖላንድ ውስጥ ሬጂኮቮ ላይም ተተክሏል። ጃፓንም አኪታና ያማጉቺ በሚባሉ ሁለት አውራጃዎች ልትተክል አቅዳ ነበር። በሰኔ 2020 ግን አቆመችው። ምክንያቱ ምን መሰለዎት? ሚሳኤሉ ሲነሣ የመጀመሪያው ገፊ ሮኬት ነዳጁን ጨርሶ ባዶውን ይወድቃል። መንግሥት ለአካባቢው ሰው ባዶው ከወታደራዊው ግቢ ወይም ከባሕሩ ውጭ አይወድቅም ብሎ ነግሯቸው ነበር። ሲመረመር፣ ያን ለማረጋገጥ ሶፍትዌሩ ብቻ ሳይሆን ሚሳኤሉም ጭምር መለወጥ እንዳለበት ታወቀ፤ ይህ ደግሞ ብዙ ዓመትና ብዙ ገንዘብ ነው። ቃላቸውን መጠበቅ እንደማይችሉ ሲያውቁ ዕቅዱን ተዉት። በዚያው ዓመት መጨረሻ በምትኩ ሁለት መርከቦች እንዲሠሩ ወሰኑ። በአንድ ገበሬ ጣራ ላይ ሊወድቅ በሚችል ብረት ምክንያት እንዲህ ያለ ትልቅ ዕቅድ ሲታጠፍ ማየት ልቤን ነክቶኛል።

መርከብ እንደ በርጩማ አይጸናም፤ ማዕበል ያናውጠዋል፣ ሰዎቹ ይደክማሉ፣ ነዳጅና ስንቅ ሲያልቅ ወደብ መግባት አለበት። ግን ሥጋቱ ወደ ተነሣበት ይሄዳል፣ ባዶውም ባሕር ውስጥ ይወድቃል።

ይህን ስነግራቸው አንቴናውን እያዩ ዝም አሉና፣ «ባሕሩ ላይስ ዓሣ አጥማጅ የለም?» አሉ።

አለ። ለሙከራ ሲሆን ቀኑና ቦታው አስቀድሞ ለመርከቦችና ለአውሮፕላኖች ይነገራል፤ ባሕሩ ይጠረጋል። በጦርነት ሌሊት ግን የሚነግራቸው የለም። ዳህላክ አካባቢ ስንቃኝ ሳንቡክ የሚባሉት የዓሣ አጥማጅ ጀልባዎች መብራት ሳያበሩ መረብ ይጥሉ ነበር። እኛ ስክሪን ላይ እንደ ትንሽ ነጥብ እናያቸው ነበር፤ እነሱ ግን እኛን አያዩንም።